ቀፎ አይቆጠርም ብዬ ቦሌ ደረስኩ

እኔ ከሰላ ድንጋይ ቁልቁል፣ ቆላው አፋፍ ላይ የምኖር ንብ አናቢ ነኝ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ ዳዊት ደግሜ ወደ እርሻዬ ተመለስኩ። ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ። ከመጣሁ ጀምሮ በየደረስኩበት «እስቲ ንገረን» የሚለኝ ሰው በዝቶ ምላሴ ስለዛለ፣ የሆነውን ሁሉ በዚህ ደብተር ላይ አሰፈርኩት። ሄዳችሁ የማታዩት ከእኔ ጋር ሄዳችሁ እዩት፤ ያያችሁትም ብትሆኑ በእኔ ሳቁ፣ አልቀየምም።

የሄድኩት ለማር ጉዳይ ነው። የመንደራችን ሰው ማሩን አንድ ላይ ሰብስቦ ለመሸጥ ማኅበር አቋቁሟል። ቦሌ ቢሮ ያለው አንድ ፈረንጅ ማር ወደ ውጭ ይልካል ተባለና ናሙና ተላከለት፤ ቀምሶ ወደደው። በየቤታችን ያለውን ማር ልክ ጠይቆ ያንንም በስልክ ነገርነው። «ተወካያችሁ ይምጣ፤ ከተስማማን በየዓመቱ ከናንተ እወስዳለሁ» አለ። ይኼ ለኛ ቀላል ነገር አልነበረም። እስከ ዛሬ ማራችንን የሚወስደው ነጋዴ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፤ አምና ቀርቶብን ማሩ በየጋኑ ደርቆ ከርሟል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ደምሰው ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሽማግሌው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የመንደሩን ማር የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ የማን ንብ የት እንዳለ አውቃለሁ። ደግሞም የልጅ ልጄ ሰላማዊት አዲስ አበባ ናት፤ እንግሊዝኛ እየተማረች ነው። የፈረንጁ አስተርጓሚ በዚያ ሳምንት ክፍለ ሀገር ስለሚወጣ «ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ኑ» ተብለን ነበር።

አቶ ደምሰው አልጋው ላይ እንደተጋደመ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። «የግብርና ባለሙያው የመዘገበው የቀፎአችን ቁጥር ነው። ሲጠይቅህ ይህን ስጠው፤ አንተ ምንም አትናገር።» ወረቀቱን ሳላየው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሳላየው ያልኩት በምክንያት ነው። በኛ አገር ቀፎ አይቆጠርም። ከብትም፣ ልጅም አይቆጠርም። «ስንት ልጅ አለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ «እግዜር ይመስገን፣ አሉ» ነው። የተቆጠረ ነገር ዓይን ይበላዋል፤ የተቆጠረ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይጠፋል። ማሩ ግን ሲወጣ በቅል በጣሳ ይሰፈራል፤ እህሉም በቁና። ነፍስ ያለው አይቆጠርም፣ ነፍስ የሌለው ይሰፈራል፤ አባቴ ያስተማረኝ ይህንን ነው።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከሰላ ድንጋይ በሚኒባስ ተነሣሁ። ለሰላማዊት አንድ ቢጫ ጀሪካን ማር ይዣለሁ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ፤ እኛ ቆላ አፋፍ ያለን ሰዎች ይህን ብርድ አናውቀውም። ሻይ በዳቦ በልቼ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ሞቅሁና የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የመጀመሪያው ድንጋጤዬ እዚያው ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ከዚያ ገባና ከፊት እስከ ኋላ በጣቱ እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረን። ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት ሳይቀር! ጣቱ እኔ ላይ ሲደርስ አማተብኩ።

አጠገቤ የተቀመጠች ወፈር ያለች ሴት «ምን ሆኑ አባቴ?» አለችኝ።

«ሰው እኮ ቆጠረ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ካልቆጠረ በምን ያውቃል መሙላቱን?»

«ወንበሩን አይቆጥርም?»

ሴትየዋ እስኪያስላት ሳቀች። ሸኖ ልንደርስ ስንል ግን ሳቋ ቆመ። የጀሪካኔ ክዳን ላልቶ ኖሮ ማሩ በወንበሩ ሥር ፈስሶ የቦርሳዋን ግማሽ አልብሶታል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ስል እሷ ጣቷን ቦርሳዋ ላይ አሽታ ወደ አፏ አደረገች፤ ዓይኗንም ጨፈነች። «ምነው ጫማዬም ላይ በፈሰሰ!» አለች። ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ በጀሪካኑ አፍ ላይ ደርባ፣ በፀጉር ማሰሪያዋ ጠፍንጋ አሰረችልኝ። ፀጉሯ ተበትኖ አዲስ አበባ ገባች። ስሟን ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ላምበረት መናኸሪያ ሰላማዊት ቆማ ጠበቀችኝ። ጉልበቴን ሳመች፣ ጀሪካኑን ነጠቀችኝና ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ። እዚያም «አባዶ! አባዶ! ሁለት ሰው የሞላ!» ነው። ሁለቱ ሰዎች እኔና እሷ ነበርን።

የካ አባዶ ስንደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፎቅ ከፎቅ ኋላ፣ ልክ እንደ ተከመረ ነዶ፤ ሁሉም አንድ መልክ፣ አንድ ቀለም። በኛ መንደር ደጅ የሚታወቀው በሰው ነው፤ የእትዬ አሰገደች ደጅ፣ የአቶ ደምሰው ደጅ ይባላል። እዚህ ቤቱ ስም የለውም፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። «አባባ፣ ከጠፉ የብሎኩን ቁጥር ይናገሩ» አለችኝ ሰላማዊት። «ስምሽን ብናገርስ?» ብላት «ማን ያውቀኛል ብለው ነው!» ብላ ሳቀች። አብራ ከምትሠራው ጓደኛዋ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው፤ ጓደኛዋ ለኔ ስትል ወደ እህቷ ሄዳ ነበር። ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ዐረፍኩ። ውኃውም እንደ እኔ አራተኛ ፎቅ መውጣት አቅቶት ከታች በጀሪካን ይቀዳል።

ለራት ሩዝ በአትክልት ሠራችልኝ። ሰፍ ብዬ በላሁ ብል ውሸት ነው፤ ግን ፊቴን እያየች ስለነበር ጨረስኩት። ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ሰፊ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፤ መሐሉ በመስመር ተከፍሏል።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«የእንግሊዝኛ ትምህርቴ ነው አባባ። በዚህ በኩል የሚቆጠሩ ነገሮች፣ በዚያ በኩል የማይቆጠሩ።»

«ፈረንጅም የማይቆጥረው ነገር አለው?»

«እንዴ! ብዙ አለ እንጂ። እኔ እኮ በሱ ነው የምፈተነው፤ ሁሌ ይምታታብኛል።»

ተመስገን አልኩ። የማይቆጠር ነገር እንዳለ የሚያውቅ ሕዝብ ከሆነማ እንግባባለን አልኩ። አልጋዋን ለቃልኝ እሷ መሬት ላይ አንጥፋ ተኛች፤ እኔም በዚያ ደስታ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

ማክሰኞ

ሰላማዊት በጠዋት ወጣች። ሥራዋ አውሮፕላን ማረፊያው ዘንድ፣ አበባ የሚጫንበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከሙቀቱ አገር ሄዳ ቀኑን ሙሉ ካፖርት ለብሳ ትውላለች። እኔ ደረጃውን አንድ አንድ እያልኩ ወርጄ በሩ ላይ ካለው ዘበኛ አጠገብ ፀሐይ ሞቅሁ።

ዘበኛው አቶ ቶሎሳ ይባላል፤ የኔ እኩያ ሽማግሌ ነው። ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ በእፍኙ ሰጠኝ። ንብ አናቢ መሆኔን ስነግረው ዓይኑ በራ።

«ኣቦ! እኔም ነበርኩ እኮ! ይኼ የምትኖርበት ፎቅ ባቄላ የምዘራበት መሬት ነበር። እዚያ መኪናው የቆመበት ጋ ባሕር ዛፍ ነበረኝ፤ ቀፎዬ እዚያ ነበር።»

«ንቡስ?»

«መሬቱ ሲወሰድ ያለንን የሚመዘግቡ ልጆች መጡ። ‹ስንት ቀፎ አለህ?› አሉኝ። አንድ ሁለት አልኳቸው። አባቴ አትቁጠር ብሎኛል፤ በኛም እንደዚያው ነው። ልጆቹ አንድ ሁለት ብለው ጻፉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የተጻፉት አሉ ተባሉ፤ ያልተጻፉት የሉም ተባሉ። ዶዘሩ ሲመጣ ‹ቆይ፣ እዚህ ንብ አለ› ብዬ ጮህኩ። ልጁ ወረቀቱን ገልጦ አየና ‹አባቴ፣ እዚህ ንብ የለም› አለኝ። ንቡ ፊቱ ላይ እየዞረ እኮ ነው!»

አቶ ቶሎሳ ይህን ሲል ሳቀ፤ እኔ ግን ቆሎው አፌ ውስጥ ቀረ። ንቡ ፊት ለፊት እየበረረ «የለም» ሲባል! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ።

ወደ ማታ ሰላማዊት ከሥራ ስትመለስ «ብቻዎን ከሚቀመጡ ክላስ ይምጡ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ትምህርቱ ሩቅ አይደለም፤ ከብሎኩ ሥር፣ ሱቅ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። መምህርቷ ገና ልጅ ናት። «አባት፣ ይግቡ ይግቡ» ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። ተማሪው ሁሉ ሠራተኛ ነው፤ የሆቴል አስተናጋጅ አለ፣ ሹፌር አለ።

መምህርቷ ነገር ትጠራለች፤ ተማሪው «ይቆጠራል» ወይም «አይቆጠርም» እያለ ይጮሃል።

«ሃኒ፣ ማር?»

«አይቆጠርም!»

«ቴፍ፣ ጤፍ?»

«አይቆጠርም!»

«ካው፣ ላም?»

«ይቆጠራል!»

«ንብ?»

«ይቆጠራል!»

«ቻይልድ፣ ልጅ?»

«ይቆጠራል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ክው አልኩ። ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነው! አባቴ አትቁጠር ያለኝ በሙሉ ከሚቆጠረው ወገን፣ ስንሰፍር የኖርነው በሙሉ ከማይቆጠረው ወገን ተሰልፏል። ሳላስበው እጄን አነሣሁ።

«ልጄ፣ ማር የማይቆጠረው በምን ምክንያት ነው?»

«አባት፣ እርስዎ አንድ ማር፣ ሁለት ማር ይላሉ?»

«አልልም። አንድ ቅል ማር፣ ሁለት ቅል ማር እላለሁ።»

«እነሱም ልክ እንደርስዎ ነው የሚሉት! ዕቃውን ነው የሚቆጥሩት። እዩዋቸው እንግዲህ፣ ደብተር ሳይዙ ገባቸው» አለች ለተማሪዎቹ። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ፀጉርንም አይቆጥሩም» አለችኝ።

«እሱስ ደግ ነው። ወንጌሉ የራሳችሁ ፀጉር ሁሉ የተቆጠረ ነው ይላል፤ ቆጣሪው ግን አንድዬ ብቻ ነው። ልጅን ይቆጥራሉ መባሉ ነው ያስደነገጠኝ።»

ከኋላ አንዱ ሹፌር «ቲቸር፣ ፋዘርን ጠይቂያቸው እስቲ! ሃው ሜኒ ችልድረን በያቸው!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሰላማዊት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እናንተ ደግሞ! አባባ ላይ ቴንሽን አትፍጠሩ በናታችሁ» አለች።

መምህርቷ ግን በትሕትና ጎንበስ ብላ «ስንት ልጆች አሉዎት ነው ጥያቄው፣ አባት» አለችኝ።

«እግዜር ይመስገን፣ አሉ።»

«እሱ እኮ ቁጥር አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለዚያ ነው ያልኩት።»

ሳቁ በረታ፤ ሹፌሩ ሳይቀር ተነሥቶ ጨበጠኝ። ደረጃውን ስንወጣ ግን ሰላማዊት አልሳቀችም። «አባባ፣ ነገ ፈረንጁ ሲጠይቅዎ ‹እግዜር ይመስገን› ካሉት እኔ ምን ብዬ ነው የምተረጉመው? ሃው ሜኒ ካለ ቁጥር ነው የሚፈልገው።» ወረቀት አለ አልኳት። ከፍታ አነበበችው፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ረቡዕ

ሰላማዊት ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። በስልኳ መኪና ጠራች፤ ሹፌሩ ሳታውቀው ስሟን እየጠራ መጣ። እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ከኛ መንደር ሰላ ድንጋይ ገበያ ወጥቼ እመለስ ነበር በዚያ ጊዜ። ቦሌ ሲደርሱ ደግሞ ሕንጻው ሁሉ መስታወት ነው፤ ሰማዩ በምድር ላይ ቆሞ የሚያዩ ይመስላል። ቀጠሯችን እስኪደርስ አንድ ካፌ ተቀመጥን። ጎረምሳው ሁሉ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አፍጥጧል፤ አብሮ ተቀምጦ የሚያወራ የለም። ረቡዕ ስለሆነ ሰላማዊት «የጾም ማኪያቶ» ብላ አዘዘችልኝ። ማኪያቶም ይጾማል! አልኩ ለራሴ። መጣች፤ በሁለት ጉንጭ አለቀች።

ወደ ቢሮው የወጣነው በሊፍት ነው። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ሆዴ ከታች ቀርቶ እኔ ቀድሜው ደረስኩ ብል ይበቃል።

ፈረንጁ ቀይ ጺም ያለው ሽማግሌ ነው። ስንገባ ከወንበሩ ተነሣ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ። ሻይ በራሱ እጅ ቀዳልኝ። ሰው ነው አልኩ። ናሙናችን በብልቃጥ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ወደ መስኮቱ እያነሣ አሳየኝ፣ ስለ መልኩም ብዙ ተናገረ። ሰላማዊት ላብ በላብ ሆና ትተረጉማለች። ከዚያ የቀፎውን ነገር ጠየቀ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

አነበበ። ሌላ ወረቀት ጎተተ፤ የማራችንን ልክ የጻፈበትን። በሒሳብ ማስሊያው አሰላ። ደግሞ አሰላ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ብልቃጡን ከፊቱ ገፋ አደረገና ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረ። ሰላማዊት አልተረጎመችም። አንገቷን ደፋች።

«ምን አለ ልጄ?»

«አባባ…»

«ንገሪኝ።»

«ከዚህ ቀፎ ይኼን ያህል ማር አይወጣም ይላል። ግማሽም አይወጣም ይላል። ስኳር ጨምራችሁበታል ማለቱ ነው። እንዲህ ከሚያደርግ ጋር አልሠራም ይላል።»

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ሻዩን አስቀመጥኩ። ስኳር! እኛ ስኳር ለሻይ እንኳ በበዓል ነው! ሊቀመንበሩ ታየኝ፣ በየቤቱ ጋን ውስጥ የተቀመጠው ማር ታየኝ፣ ሌባ ተብዬ ወደ መንደሬ ስገባ ታየኝ። ከዚያ በሕይወቴ ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅሁ።

«ወረቀቱ ላይ ስንት ነው የሚለው?»

«አርባ አንድ።»

አርባ አንድ! አሁን ገባኝ፤ መግባቱ ከመጀመሪያው ይልቅ አስደነገጠኝ። ባለሙያው ደብተሩን ይዞ በየቤቱ ሲዞር ሁሉም ሰው «አንድ ሁለት» ብሎታል። እኔም ብያለሁ። «ሦስት ሳይኖሩ አይቀሩም» ነው ያልኩት፤ እውነት ለንቤ አስቤ። ንባችንን ከዓይን ያዳንን መስሎን ማራችንን ስኳር አሰኘነው። አቶ ቶሎሳ የነገረኝ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ «እዚህ ንብ የለም።»

ፈረንጁ ሊያሰናብተን ተነሥቷል። እኔ አልተነሣሁም። አባቴን አሰብኩት። ብቆጥር የሰው ንብ ላይ ዓይን ጠራሁ፤ ባልቆጥር የሰው ማር ስኳር ተባለ። ግማሽ መንገድ አለ ወይ ብዬ አሰብኩ፤ አለ።

«ሰላሜ፣ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ በይው። እኔ አልቆጥርም። እኔ እጠራለሁ፤ ቆጣሪው እሱ ይሁን።»

ዓይኗን አፈጠጠች፤ ግን ተረጎመችለት። እሱም ተቀመጠ፤ አምኖኝ ሳይሆን አዝኖልኝ ይመስለኛል።

ዓይኔን ጨፍኜ ከመንደሩ ጫፍ ጀመርኩ። «በአቶ ደምሰው ጓሮ፣ ዋንዛው ላይ፣ ወደ ምሥራቅ የዞረው። አውራ ንቧ ክፉ ናት፤ አምና ልጆቿ ዓይኔን ነድፈውኝ ነበር። እዚያው ሥሩ፣ አሮጌው፣ አፉ የተሰነጠቀው። እትዬ አሰገደች ዘንድ፣ ከጣራው ሥር፣ በቀኝ ያለው፤ ባሏ ሳይሞት የሰቀለው ነው። ግራሩ ላይ፣ መሰላል የሚፈልገው…»

ሰላማዊት መጀመሪያ ሁሉንም ለመተርጎም ታገለች፤ ስለ ክፉዋ አውራ ሳይቀር። ቆይታ ግን «ዋን ሃይቭ፣ አናዘር ሃይቭ» ብቻ ማለት ጀመረች። ፈረንጁ አንድ በጠራሁ ቁጥር አንዲት ሰረዝ ያሰምራል። ገደሉን ወረድኩ፣ ምንጩን ተሻገርኩ፣ የሁሉንም ደጅ ረገጥኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሰረዙ ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል፤ እሱም ጉንጩን በእጁ ደግፎ ያየኛል። አንድ ነገር ተናገረ።

«አባቱም ንብ ነበራቸው ይላል» አለች ሰላማዊት። «በነሱ አገር የቀፎው ባለቤት ሲሞት ሰው ሄዶ፣ ቀፎውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ ‹ጌታችሁ ሞቷል› ብሎ ለንቡ ይነግረዋል። ካልተነገረው ንቡ ይጠፋል። አባቱ ሲሞቱ የነገረው እሱ ነው፤ ልጅ ነበር።»

ተያየን። ይህንን ከፈረንጅ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። እኔም «እግዜር ያጽናህ» አልኩት፤ ብዙ ዓመት ቢሆነውም።

ሰረዙን ደመረና ለሰላማዊት አሳያት። አፏን ከፍታ ቀረች። «አባባ…» ስትል ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አትንገሪኝ!»

ያም ሆኖ እሺ አላለም። ማሩን ስኳር እንዳለበትና እንደሌለበት አስመርምሮ ነገ እደውላለሁ አለ። ልንወጣ ስንል ምሳ ብሉልኝ ብሎ ለመነን፤ «ጾም» የምትለዋን ቃል ሲያውቅ አየሁና ገረመኝ። በየዓይነቱ አስመጣልን። እንጀራው ከኛው የሳሳ ነበር።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ከአቶ ቶሎሳ ጋር በር ላይ ተቀመጥኩ። ሰላማዊት ሥራ ናት፤ ስልኩ የሚደወለው ለሷ ነው። አቶ ቶሎሳ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ «አንዱንም ሳታስቀር ጠራህ?» አለኝ።

«ሳላስቀር።»

«እኔ ያን ጊዜ እንዳንተ ባደርግ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተነሣና ለአንድ መኪና በር ከፈተ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰላማዊት ከነሥራ ካፖርቷ ከታክሲ ወርዳ ስትሮጥ አየኋት። «አባባ! ንጹሕ ነው! ስኳር የሚባል የለበትም! ጥርጥሬዬን ይቅር በሉኝ ብሏል፤ መኪና ይልካል፣ ከዚህ በኋላም በየዓመቱ!» አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አቶ ቶሎሳ በኦሮምኛ መረቀን። እኔ ግን የደስታዬ ግማሽ ብቻ ነበር የመጣው። ሌላው ግማሽ መንደሬን እያሰበ ፈራ። የሰው ንብ አንድ በአንድ ለባዕድ የጠራሁ ሰው ምን እባል ይሆን?

ዓርብና ቅዳሜ

ሰላማዊት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ለጉልበቴም ቅባት አሸከመችኝ። ረዳቱ ሲቆጥረን እንደ መጀመሪያው አላማተብኩም፤ መስኮቱን አየሁ እንጂ። ማታ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ማኅበርተኛው ሁሉ አቶ ደምሰው አልጋ ዙሪያ ተሰበሰበ። መኪና እንደሚመጣ በስልክ ሰምተው ስለነበር ፊታቸው ሁሉ በርቷል። ተነሥቼ ቆምኩ። ስኳር መባላችንን ነገርኳቸው፤ «ወይ ጉድ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ የባሰውን ነገርኳቸው፤ «ንባችሁን በየደጃችሁ፣ አንድ በአንድ ጠራሁት። የቆጠረው እሱ ነው፣ ቁጥሩንም አልሰማሁም። ግን የጠራሁት እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጨርቄን ጥዬ ልጥፋ ወይ አልኩ።

እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አስተካከለች። «የኔን ሁሉንም ጠራህ?»

«ሁሉንም፣ እትዬ። ከጣራው ሥር ያሉትን፣ ግራሩ ላይ ያለውንም።»

«ከጎተራው ኋላስ?»

«ከጎተራው ኋላ ምን አለ?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሠላሳ ዓመት ማሯን የቆረጥኩ ሰው ነኝ፤ ከጎተራዋ ኋላ ንብ እንዳለ አላውቅም! ወደ አቶ ደምሰው ዞርኩ፤ የተሰበረ እግሩን እያሻሸ ጣራ ጣራ ያያል።

«አንተም?» አልኩት።

«እዚያ ገደሉ ሥር… አንዲት ቢጤ» አለ።

አንዱ ጥግ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌላው አንገቱን ደፋ። ፊት ለፊት ማንም ማንንም አላየም፤ ከዚያ አንዱን ሳቁ አመለጠውና ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«እሰይ!» አለች እትዬ አሰገደች፣ ዕንባዋን እየጠረገች። «እንግዲያው አልተቆጠርንም!»